ለአዘዞዋ እህት፦ ገንዘባችሁ ሳያልቅ መጀመሪያ ባልሽ ይመርመር

«በትዳር አራት ዓመት ሆነን፣ ልጅ የለንም። ሦስት ጊዜ አልትራሳውንድ ታይቼ ምንም የለብሽም ተባልኩ። ባለቤቴ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ይመላለሳል። አማቴ ጠበል ግቢ ይሉኛል። ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው፣ የት ልሂድ? ድህነታችን ይሆን እንዴ ምክንያቱ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህት ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ከድህነቱ ልጀምር። ድህነት ራሱ እንቁላል የሚያልፍበትን የማህፀን ቱቦ አይዘጋም። የሚዘጋው በገንዘብ እጦት ሳይታከም የቆየ ወይም ሕክምናው ተጀምሮ የተቋረጠ ኢንፌክሽን ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የማህፀን ቱቦ መጎዳት ከዋነኞቹ የሴት መካንነት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ መነሻውም በግንኙነት የሚተላለፉት ጨብጥና ክላሚዲያ፣ ንጽሕናው ካልተጠበቀ ወሊድ ወይም ውርጃ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም የማህፀን ቲቢ ነው። ክላሚዲያ ደግሞ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳይም። ምልክት ያየችዋ ምን ትሆናለች? ጤና ጣቢያ ትሄድና ከመርፌ ጋር ዶክሲሳይክሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ እንክብል 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ14 ቀን ይታዘዝላታል፣ 28 ፍሬ ማለት ነው። ፋርማሲ ስትደርስ ብሩ አይበቃም፣ «ለጊዜው አሥሩን ስጠኝ» ትላለች። በአራተኛው ቀን ሕመሙ ይተዋታል፣ የቀረውን ሳትገዛው ትቀራለች። ባልየው አልታከመም፣ ከበረሃ ሲመለስ እንደገና ያስይዛታል። ቱቦው ላይ ጠባሳ የሚጥለው እንዲህ ያለው መደጋገም ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲታዘዝ ለሁለት ሰው በአንድ ቀን ይገዛ፣ እስከ መጨረሻው ይዋጥ፣ እስኪያልቅም ግንኙነት አይኑር። ብር ካነሰ ዕቁብም ቢሆን ተበድሮ መጨረስ ኋላ ከሚመጣው ወጪ ይረክሳል።

1. ምርመራው ከባልሽ ይጀመር። ልጅ ካጡ ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት የወንዱ ችግር አለበት፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ። ከምርመራዎቹም ቀላሉና ርካሹ የእሱ ነው። ግን እንደተለመደው አንቺ ሦስት ጊዜ አልጋ ላይ ስትወጪ እሱ አንዴም አልተጠየቀም። ተራ አልትራሳውንድ ማዮማ (የማህፀን እጢ) እና ሲስት (ውኃ የቋጠረ ከረጢት) ያሳያል እንጂ ቱቦ ክፍት ይሁን ዝግ አይናገርም፤ የባልሽንማ ጭራሽ።

ናሙና ከመስጠቱ በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ይታቀብ። ከ7 በላይ ሲሆን ውጤቱ ይበላሻል፣ እኛ ጋ ደግሞ ይህን የሚያበላሸው ጾሙ ነው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ታቅቦ በፋሲካ ማግስት ናሙና የሰጠ ወንድ ቁጥሩ በዝቶ እንቅስቃሴው ደክሞ ይወጣል፣ የተጠራቀመው አርጅቷልና። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ጥቂት ቀን አብራችሁ ሁኑ፣ ከዚያ 3 ቀን ቆጥሮ ይስጥ። ሌላው ወባ ነው። የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፣ ከባድ ትኩሳት ደግሞ ይጎዳዋል። በጥቅምት አጨዳ ላይ ወባ ጥሎት ኅዳር ላይ የተመረመረ ሰው ወረቀቱ ላይ የሚያነበው የወባውን ጉዳት ሊሆን ይችላል። ሦስት ወር ይጠብቅ። አፉንና እጁን ሳይሸፍን ፀረ አረምና ፀረ ተባይ የሚረጭ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገር፤ ጫትና ሲጋራ ካለም አይደብቅ።

አንዳንድ ቦታ ያለው አቀባበል ያሳፍራል፣ ሳልናገር አላልፈውም። ሰው በሞላበት ኮሪደር «የዘር ምርመራ ማነው?» ብሎ የሚጣራ ባለሙያ አለ። ዕቃውን ይሰጡና መቀርቀሪያ የሌለው የጋራ ሽንት ቤት ያሳዩታል፣ ውጭ ደግሞ ሰው በሩን ይደበድባል። ጥሎ ሲወጣ «ባሏ አልመረመርም አለ» ይባላል፤ ቀጥሎ እንደገና አንቺን አልትራሳውንድ! መፍትሔው ከቤት ማምጣት ነው። ቀድማችሁ ሄዳችሁ ካርድ አውጡ፣ ክፈሉ፣ ንጹሑን ዕቃ ተቀበሉ፣ ናሙና የሚቀበሉበትን ሰዓት ጠይቁ። በማግስቱ ናሙናው ከወጣ በኋላ በ1 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ፤ ከአዘዞ ይደረሳል፣ ግን ባጃጁን ቀድማችሁ አቁሙ። ብርድ እንዳይነካው ዕቃው በውስጥ ኪስ ሰውነት ተጠግቶ ይያዝ። ሳሙና፣ ቅባት፣ ምራቅ፣ ተራ ኮንዶም አይነካው። የመጀመሪያው ጠብታ ከፈሰሰ ይናገር፣ አብዛኛው ዘር ያለው እዚያ ላይ ነው። የወጣበትም ሰዓት ዕቃው ላይ ይጻፍ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዝቅተኛ ወሰን፦ መጠን 1.4 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር፣ ከዚያም የሚንቀሳቀስ 42 በመቶ። ከዚያ በታች ማለት አይወልድም ማለት አይደለም። አንድ መጥፎ ወረቀት ይዛችሁ አትጣሉ፣ ይደገም።

2. ቀጥሎ የቱቦ ራጅ፣ ማለትም ቱቦው ክፍት መሆኑን ለማየት በማህፀን በር ፈሳሽ ተረጭቶ የሚነሳው። ደም ከቆመ በኋላ፣ የወር አበባ ከጀመረ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይሠራል። ደም ካየሽበት ቀን ጀምሮ እስኪሠራ ግንኙነት አይኑር፣ እርግዝና ላይ ጨረር እንዳያርፍ። ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም የሆድ ሕመም ካለሽ መጀመሪያ ታከሚ፤ በኢንፌክሽን ላይ መርጨት ኢንፌክሽኑን ወደ ላይ ይገፋዋል። ራጁ ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ቀድመሽ፣ በልተሽ፣ ሐኪምሽ ከፈቀደ ማስታገሻውን አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ውሰጂ። ረቡዕና ዓርብ ነው ብለሽ ባዶ ሆድሽን እንዳትውጪው፣ ጨጓራሽን ይልጠዋል። ማስታገሻው ለሕመም ብቻ አይደለም፤ ማህፀን ሲኮማተር ቱቦው ማህፀኑ ላይ ከሚገናኝበት ቦታ የተዘጋ ይመስላል። «ከሥሩ ዝግ ነው» ከተባልሽ እውነተኛ መዘጋት ይሁን መኮማተር ጠይቂ። ዳር ላይ ዝግ ሆኖ ውኃ ከቋጠረ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኋላ አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ ተገናኝቶ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥበት ሕክምና) ቢታሰብ እንኳ ያ ውኃ ውጤቱን በእጅጉ ስለሚቀንሰው አስቀድሞ በቀዶ ሕክምና መታየት አለበት። ፊልሙን ራሱን ተቀበዪ፣ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄዪ በድጋሚ ክፈይ የሚሉሽ ፊልሙን ስላልያዝሽ ነው። በኋላ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ከመጣ በዚያው ቀን ሂጂ።

3. ሆርሞን። የወር አበባሽ በየ24 እስከ 35 ቀኑ ሳይዛነፍ ከመጣ እንቁላል እየለቀቅሽ ነው ማለት ይቻላል፤ ውዱን የሆርሞን ዝርዝር ከዚህ አትጀምሪ። «የ21ኛው ቀን ፕሮጀስትሮን» የሚባለው፣ እንቁላል መውጣቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ለ28 ቀን ዑደት ነው፤ ዑደትሽ 35 ከሆነ በ28ኛው ቀን ይቀዳል። በተሳሳተ ቀን ተቀድቶ «እንቁላል የለሽም» ተብላ ክሎሚፊን (እንቁላል እንዲወጣ የሚያግዝ መድኃኒት) የጀመረች ብዙ ናት። የባሏ ዘርና ቱቦዋ ሳይታይ ወር በወር ክሎሚፊን የሚሸጥላት ፋርማሲ ገንዘቧን እየወሰደ ነው፣ በቃ። ወር አበባዋ ለሚዛነፍ ሴት ዛሬ በብዛት የሚመረጠው ሌትሮዞል የሚባለው ተመሳሳይ ሥራ ያለው መድኃኒት ነው፤ እሱም በሐኪም ክትትል።

ዲፖ (የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ) ተወግተሽ ከነበረ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ የማርገዝ አቅም እስኪመለስ በአማካይ 10 ወር ያህል ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። መዘግየት ነው እንጂ መካንነት አይደለም።

አራት ዓመት ያልሽውንም እንደገና ቁጠሪው። አንድ ዓመት ሞክረው ካላገኙ ይመርመሩ የሚባለው (35 ለሞላት 6 ወር) አብረው ለሚኖሩ ነው። ባልሽ ለአረም ሐምሌ ሄዶ አጨዳ ጨርሶ ኅዳር የሚመለስ ከሆነ፣ ከቀረው ላይ አጽዋማቱን ቀንሺ። የሚያስረግዙት ቀናት በወር ስድስት ገደማ ናቸው፦ እንቁላል የሚወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት አምስቱ። ዑደትሽ 28 ቀን ከሆነ ከ9ኛው እስከ 14ኛው፣ 32 ከሆነ ከ13ኛው እስከ 18ኛው። የእሱን መምጫ ከነዚህ ቀናት ጋር ማስማማት ምንም አያስከፍልም። ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ እኔ በዚያ አልገባም።

አማትሽን አትጋጪያቸው። ጠበሉን ተጠመቂ፣ የሐኪም መድኃኒትሽን ግን አታቋርጪ፤ በተለይ የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ተቋም በነፃ እየተሰጠ ማቋረጥ ግፍ ነው። «ማህፀንሽ ዞሯል» ብለው ሆድሽን የሚያሹትን ግን ተያቸው። ወደ ኋላ የተጠማዘዘ ማህፀን ከአምስት ሴት በአንዷ ያለ ተፈጥሮ ነው፣ መውለድን አይከለክልም፤ መታሸትም አይመልሰውም።

የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዛችሁ ሂዱ፣ ለአንቺም ለእሱም ለየብቻ። የትኛው ምርመራ እንደሚሸፈን ከመክፈልሽ በፊት መድን ክፍሉን ጠይቂ፤ መልሱ ቁጣ ቢሆንም ቆመሽ ጠይቂ። አይቪኤፍ በመንግሥት ደረጃ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ግን የባልሽ ሁለት የምርመራ ወረቀት፣ የቱቦው ፊልምና የሐኪም ሪፈር እጃችሁ ሳይገባ በሬም ሆነ መሬት ሸጣችሁ አውቶቡስ እንዳትሳፈሩ፤ ያለ እነሱ ሄዶ ከዜሮ መጀመር ነው፣ በላዩ ላይ የአልጋና የምግብ ወጪ እየቆጠረ።

ፎሊክ አሲድ 0.4 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ከአሁኑ ጀምሪ።

የባልሽ ውጤት ሲወጣ እዚሁ ለጥፊው፣ እናየዋለን። ስምና የካርድ ቁጥር ሸፍነሽ ግን፤ ይኼ ግሩፕ ውስጥ የሰፈርሽ ሰው አይጠፋም።