የቤት መዋኛ ገንዳ ክሎሪን፦ ከአዳማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በአዳማ ግቢያቸው ውስጥ መዋኛ ገንዳ ያሠሩ ቤተሰቦችና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ስለ ክሎሪን መጠን ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ፣ በገንዳ እንክብካቤ ሥራ ካካበትኩት ልምድ በመነሣት እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ቦኩ ሸነን ነው። ገንዳችን 8 ሜትር በ4 ሜትር ሲሆን ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ተነሥቶ 1.8 ሜትር ይደርሳል። ሠራተኛችን በየቀኑ ሁለት ጣሳ የክሎሪን ዱቄት ይጨምራል። መጠኑ ልክ ነው?

መልስ፦ ጣሳው ስንት ግራም እንደሚይዝ ሳይታወቅ ልክ ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ ጣሳውን ትተው ሚዛን ይያዙ። አማካይ ጥልቀቱ 1.4 ሜትር በመሆኑ ገንዳዎ የሚይዘው ወደ 45 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ላይ አንድ ግራም ንጹሕ ክሎሪን ሲጨመር መጠኑ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ከፍ ይላል። የሚፈለገው በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን፣ ማለትም ከቆሻሻ ጋር ያልተዋሐደ ክሎሪን ነው። ምንም ክሎሪን የሌለውን ውኃ ወደ 2 ለማድረስ 90 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል፤ የካልሲየም ሃይፖክሎራይት (የተለመደው የክሎሪን ዱቄት) ብርታቱ ብዙውን ጊዜ 65 በመቶ ስለሆነ፣ የሚመዝኑት 140 ግራም ገደማ ይሆናል። ሲለኩት 1.5 ካሳየ ግን የጎደለው 0.5 ብቻ ነውና 35 ግራም ይበቃል። አስቀድሞ ሳይለካ በየቀኑ አንድ ዓይነት መጠን መጨመር ነው ስሕተቱ።

ጥያቄ፦ ዱቄት ስናጣ በበረኪና ብንተካውስ?

መልስ፦ ሽቶ ወይም ሳሙና ያልገባበት ከሆነ ይቻላል። 5 በመቶ ብርታት ያለው አንድ ሊትር በረኪና 50 ግራም ገደማ ክሎሪን ስለሚይዝ፣ ከላይ ለተጠቀሰው ገንዳ 1.8 ሊትር ያስፈልጋል። በረኪና በሙቀት ብርታቱን ያጣል፤ በአዳማ አየር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ለወራት የተቀመጠ ጀሪካን በላዩ የተጻፈውን ያህል አይሠራም።

ጥያቄ፦ ገንዳችን ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፤ የልጆቹም ዓይን ይቀላል። ስለዚህ ክሎሪኑን ቀነስን፤ ሽታው ግን ባሰ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ስለምሰማው በደንብ ላብራራው። ዓይን የሚያቃጥለውና አፍንጫ የሚሰነፍጠው ብዙውን ጊዜ ነጻው ክሎሪን ሳይሆን፣ ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ክሎራሚን ነው። ክሎሪን በቀነሱ ቁጥር ይህን ውሕድ የሚያፈርሰው ኃይል ስለሚጎድል ሽታው ይብሳል። ጠቅላላውንና ነጻውን ክሎሪን ለየብቻ ይለኩ፤ ልዩነቱ የተዋሐደው ነው። ለምሳሌ ጠቅላላው 3፣ ነጻው 1.8 ቢሆን የተዋሐደው 1.2 ነው፤ እርሱን ለማፍረስ አሥር እጥፉን፣ ማለትም በሊትር 12 ሚሊ ግራም ያህል በአንድ ጊዜ መጨመር ያስፈልጋል። ለ45 ሜትር ኩብ ይህ 830 ግራም ገደማ ዱቄት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይጨምሩ፣ ፓምፑ ሌሊቱን ይሥራ፣ መጠኑ ወደ 3 እስኪወርድ ድረስም ማንም አይግባ። ከመዋኘት በፊት ገላን መታጠብ ደግሞ ከማንኛውም ኬሚካል የረከሰ መድኃኒት ነው።

ጥያቄ፦ ገንዳችንን የምንሞላው ከጉድጓድ በወጣ ውኃ ነው። ክሎሪኑ 2 ቢሆንም ውኃው አረንጓዴ ሆነብን።

መልስ፦ ፒኤቹን፣ ማለትም የውኃውን የአሲድነት ወይም የአልካላይንነት መለኪያ፣ ይመልከቱ። የከተማው የቧንቧ ውኃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ሲሆን፣ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ግን በብዙ ቦታ አልካላይን (ፒኤቹ ከፍ ያለ) ነው። ፒኤች 7.5 ሲሆን ከነጻው ክሎሪን ጀርም በመግደል ብርቱ የሆነው ክፍል ግማሽ ያህል ነው፤ 8 ሲደርስ ወደ ሩብ፣ 8.5 ሲደርስ ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። እርስዎ 2 ብለው የሚያነቡት ክሎሪን አብዛኛው ሥራ ፈት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ፒኤቹን በአሲድ ከ7.2 እስከ 7.6 ያውርዱ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ይፈግፍጉ፣ ከዚያ ክሎሪኑን ያጠንክሩ። የዚሁ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ የሚይዘውን ፍሎራይድ ክሎሪን ስለማያስወግደው፣ ክሎሪን ተጨምሮበታል ብሎ ለመጠጥ ማዋል አይገባም።

ጥያቄ፦ ጠዋት የጨመርነው ክሎሪን እኩለ ቀን ላይ ይጠፋል።

መልስ፦ የአዳማ ፀሐይ ናት የምትወስደው። ማረጋጊያ (ሲያኑሪክ አሲድ) በሌለው ውኃ ላይ ጠንካራ ፀሐይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከክሎሪኑ ግማሹን ልታጠፋ ትችላለች። ማታ መጨመር ይረዳል፤ በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ሲያኑሪክ አሲድም ክሎሪኑን ከፀሐይ ይጠብቀዋል፤ ይህ ሲኖር ነጻው ክሎሪን ከ2 በታች አይውረድ። ቀስ ብለው የሚሟሙት የክሎሪን እንክብሎች ይህን አሲድ በውስጣቸው ስለያዙ፣ ለረጅም ጊዜ እነርሱን ብቻ የሚጠቀም ሰው የአሲዱ መጠን ከ100 ያልፍበትና ክሎሪኑ ይደክምበታል። ያን ጊዜ መፍትሔው የገንዳውን ከፊል ውኃ አፍስሶ በአዲስ መተካት ነው።

ጥያቄ፦ ብዙ ክሎሪን ጨምረን ስንለካ መመርመሪያው ዜሮ አሳየን።

መልስ፦ ወደ ሮዝ የሚቀየረው መመርመሪያ ክሎሪን እጅግ ሲበዛ ቀለሙ ይነጣል። አንዱን እጅ የገንዳ ውኃ ከአራት እጅ ክሎሪን አልባ ውኃ ጋር ቀላቅለው እንደገና ይለኩና ውጤቱን በአምስት ያባዙ። ሳያረጋግጡ ሌላ አይጨምሩ።

ጥያቄ፦ አሲዱንና ክሎሪኑን በአንድ ባልዲ በጥብጠን ብንጨምር ጊዜ እናተርፍ ነበር።

መልስ፦ እባክዎ ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባን ያቃጥላል፣ ሰውም ይገድላል። እንክብሉንና የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄቱንም በአንድ ዕቃ ማገናኘት እሳትና ፍንዳታ ያስነሣል፤ መስፈሪያቸው እንኳ የተለያየ ይሁን። ዱቄቱን በባልዲ ሲያሟሙ ቀድሞ የሚገባው ውኃው ነው፤ ዱቄቱ ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበታል። አሲዱን ለብቻው ከጨመሩ በኋላ ፓምፑ ውኃውን በደንብ እስኪያዘዋውር ይጠብቁ፤ ክሎሪኑ ከዚያ ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ሕፃን ልጅ ገንዳው ውስጥ ቢጸዳዳስ?

መልስ፦ ሁሉም ሰው ወዲያው ይውጣ። ዓይነ ምድሩ ጠንካራ ከሆነ ካወጡት በኋላ፣ ፒኤቹ ከ7.5 ሳይበልጥ ነጻውን ክሎሪን 2 አድርገው ቢያንስ 25 ደቂቃ ይጠብቁ። ተቅማጥ ከሆነ ግን ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ በተለመደው የክሎሪን መጠን ከአንድ ሳምንት በላይ በሕይወት ሊቆይ ስለሚችል ይህ አይበቃም። ለቤት ገንዳ የምመክረው ውኃውን አፍስሶ፣ ግድግዳውንና ማጣሪያውን አጥቦ እንደ አዲስ መሙላት ነው፤ የታመመውም ልጅ ተቅማጡ ካቆመ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አይመለስ።