«ጋሼ፣ የሥዕል ስታይሌን እንዴት ላግኝ?»

ልጆቼ፣ ቤቴ ስትመጡ ጥያቄያችሁ አንድ ነው። ስታይል። ብዙ ጊዜ ቡና ቅጂ ብዬ አልፈዋለሁ። ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ።

እኔ የጀመርኩት በታፔላ ነው። በ1974 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ ለሻይ ቤትና ለልብስ ሰፊ እጽፍ ነበር። ታፔላ አትናቁ። የ«ጠ» እግሮች እኩል ካልቆሙ ፊደል ያልቆጠረ ባለ ሱቅ እንኳ ያውቅባችኋል።

ከዚያ እንደ ጅማ ልጅ ሁሉ ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሣልኩ። የሰገነቱን እንጨት አንድ በአንድ ደረደርኩት። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ ሕይወት ግን የለውም። ዛሬም እሥለዋለሁ። አሁን የምይዘው ከሰገነቱ ሥር ያለውን ጥላ ብቻ ነው። ያን ሁሉ እንጨት ቆጥሬ ባልሰለች ኖሮ ጥላውን አላየውም ነበር።

አረንጓዴው ደግሞ ጉድ አድርጎኛል። ከቱቦ እንደወጣ እቀባው ነበር፤ ዛፎቼ ሁሉ ፕላስቲክ ሆኑ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲያባራ አንድ የቡና ቅጠል ቀጥፋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። የሚያብረቀርቀው ቦታ አረንጓዴ አይደለም፤ የሰማዩ ግራጫ ነው። ጀርባው የገረጣ ነው። አንዳንዱ ለጋ ቅጠልማ ጭራሽ መዳብ ይመስላል። አረንጓዴ ላይ ቀይ ጠብ ማድረግን የተማርኩት ከዚህ ቅጠል ነው።

ስለ መቸኮልም ልንገራችሁ። አንድ ክረምት የአንድ ሆቴል ባለቤት ትልቅ ሸራ አዘዘኝ። ቀኑ ደረሰብኝ። ሥሩን በተልባ ዘይት አወፍሬ፣ ሳይደርቅ ላዩን በተርፐንታይን አቅጥኜ ቀባሁበት። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ላዩ ቀድሞ ደረቀ፤ ሥሩ ገና ነበር። በዓመቱ ሥዕሉ በበጋ እንደደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ገንዘቡን መለስኩ። ቀጭኑ ከሥር፣ ቅባታሙ ከላይ መሆን እንዳለበት ተነግሮኝ ነበር እኮ! ሸራው ግድግዳዬ ላይ አለ፤ ስትመጡ እዩት።

ወደ ስታይላችሁ ልመለስ። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ ረቂቅ ሥዕል ሠራ። ሰውና ዕቃ የሚለይበትን ሥዕልም አልተወም። አንዱን ምረጥ ብትሉት የቱን ይጥልላችሁ ነበር?

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አሮጌ ሥዕሎቼን ነጭ እየቀባሁ ደግሜ ሠራሁባቸው። ሸራ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። እናንተ ግን ስልክ አላችሁ፤ ቢያንስ ሳታጠፉት ፎቶ አንሱት። ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፉ። የማረካችሁንም ያሳፈራችሁንም አስቀምጡ።

ባለፈው ወር የተረፉኝን ግድግዳ ሥር ደርድሬ አየኋቸው። በአሥራ አንዱ ሥዕል ጥግ ላይ ያ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው፣ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ አለ። የገበያው ሥዕል ላይ አለ። ቤተ መንግሥቱ ላይም አለ። አንዱም ላይ ሰው አልተቀመጠበትም። ማን እንዲቀመጥበት እንደሣልኩት አላስታውስም።