ድዌይን ማክዱፊን ስናመሰግን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ይህ ዓምድ የድዌይን ማክዱፊን ስም ካነሣ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። ለማያውቁት፦ በ1962 ዲትሮይት ተወልዶ በ2011 ያረፈ፣ ኮሚክም (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ) አኒሜሽንም የጻፈ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ልጆቻችሁ «ስታቲክ ሾክ»ን፣ «ጀስቲስ ሊግ አንሊሚትድ»ን ወይም «ቤን 10፦ ኤሊየን ፎርስ»ን ካዩ፣ የእጁን ሥራ አይተዋል። ስሙን ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ አንባቢ ስለ አሟሟቱ የተለያየ ነገር እንዳነበቡ ጽፈው እውነቱን ጠይቀዋል።

ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በተፈጠረ ችግር፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2011፣ 49 ዓመት በሞላው ማግስት አረፈ። ስክሪፕቱን የጻፈው «ኦል ስታር ሱፐርማን» የተባለው ፊልም በነጋታው ለገበያ ወጣ። ከዚህ አልፎ ስለ አሟሟቱ የሚወራውን መከታተል ምንም አይጠቅምዎትም፤ ያንን ጊዜ ለሥራው ይስጡት።

የ«ስታቲክ ሾክ» ጀግና ስታቲክ ከሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚዎች የማርቭል ነው የዲሲ?

ማክዱፊና ባልደረቦቹ የመሠረቱት የማይልስቶን ኩባንያ ነው። ዲሲ አሳታሚና አከፋፋይ ነበር።

«በአንድ ካርቱን ላይ መቶ ሰው ይሠራል። ጸሐፊውን ለብቻው ማወደስ ሰዓሊዎቹን መበደል አይሆንም?» የሚሉ ጠያቂ አሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ጸሐፊው ምን እንደሚሠራ በማወቅ ይጀምራል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን አኒሜሽን ጸሐፊው መጀመሪያ የታሪኩን ሐሳብ በአንድ ገጽ ገደማ ያቀርባል። ሐሳቡ ካለፈ፣ ትዕይንቶቹን በቅደም ተከተል የሚዘረዝር ረዘም ያለ ጽሑፍ ያዘጋጃል። ስክሪፕቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የ22 ደቂቃ ክፍል ስክሪፕት ብዙውን ጊዜ ከ30 ገጽ በላይ ይሆናል፤ ተዋናይ በቀረጻ ቦታ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ሁሉ እዚህ በጽሑፍ መገለጽ አለበትና። ከስክሪፕቱ በኋላ ሰዓሊዎች እያንዳንዱን ትዕይንት በተከታታይ ሥዕል ይነድፋሉ፤ ዳይሬክተሩ ያርማል፤ ድምፅ ይቀረጻል። የጸሐፊዎቹ አለቃ፣ ስቶሪ ኤዲተር የሚባለው፣ የሌሎችን ስክሪፕት እንደገና የሚጽፍ ሰው ነው፤ ስሙ በጸሐፊነት ባልሰፈረበት ክፍል ውስጥ ሳይቀር ብዙ መስመር ሊኖረው ይችላል። ማክዱፊ ለዓመታት ይህን ሥራ ሠርቷል።

ምሳሌ ልስጥዎት። በ2005 የታየው «ኤፒሎግ» የተባለው የ«ጀስቲስ ሊግ አንሊሚትድ» ክፍል ታሪኩ የማክዱፊና የተከታታዩ አዘጋጅ የብሩስ ቲም፣ ስክሪፕቱ የማክዱፊ ነው። የልዕለ ጀግኖች ካርቱን ሆኖ ሳለ አብዛኛው ክፍል በሁለት ሰዎች ንግግር ያልፋል። ባትማን አደገኛ ኃይል ያላትን፣ በሞት አፋፍ ያለች ልጅ እንዲገድል መሣሪያ ተሰጥቶት ይሄዳል። አይገድላትም። ዥዋዥዌ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ እስክትሞት አብሯት ይቆያል። የመጨረሻውን ፍልሚያ አውጥቶ በምትኩ ሁለት ሰው ማስቀመጥ በወረቀት ላይ የተወሰነ ውሳኔ ነው። ዥዋዥዌው እንዴት እንደሚወዛወዝ፣ ዝምታው ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ የሰዓሊዎቹና የዳይሬክተሩ ነው። ሁለቱንም ለየባለቤቱ መስጠት ይቻላል፤ አንዱ የሌላውን አይቀማም።

ስለዚህ በእርስዎ በኩል የሚጠበቀው ቀላል ነው። ክፍሉ ሲያልቅ «ቀጣዩን ክፍል» የሚለው ሳጥን ስሞቹን ሳይሸፍን ያቁሙት። የጸሐፊውን ስም ግን በብዛት የክፍሉ ርእስ ሲታይ ወይም በመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ያገኙታል። ጉዳዩ ከክብር ያለፈ ነው። በአሜሪካ አኒሜሽን ጊልድ በሚባለው የሙያ ማኅበር ሥር የሚሠሩ ጸሐፊዎች ሥራቸው በድጋሚ ሲታይ የሚገኘው ክፍያ በግል አይደርሳቸውም፤ ወደ ማኅበሩ የጤናና የጡረታ ፈንድ ይገባል። ለብዙዎቹ በእጅ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ሌላዋ ጠያቂ «ስታቲክን ማክዱፊ ፈጠረው» የሚለው በየቦታው ስለሚጻፍ ትክክል መሆኑን ማወቅ ይፈልጋሉ።

ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ሌሎች ሙታንን ይጎዳል። ማይልስቶንን በ1992 የመሠረቱት ማክዱፊ፣ ዴኒስ ኮዋን፣ ማይክል ዴቪስና ዴሪክ ዲንግል ናቸው። ስታቲክን በመፍጠር ከእነርሱ ጋር ክሪስቶፈር ፕሪስትም ይጠቀሳል። በ1993 የወጣውን የመጀመሪያ እትም የጻፉት ማክዱፊና ሮበርት ኤል. ዋሽንግተን 3ኛ ናቸው፤ የሣለው ጆን ፖል ሊዮን ነው። ዋሽንግተን በ2012 በ47 ዓመቱ፣ ሊዮን በ2021 በ49 ዓመቱ አርፈዋል። የስታቲክ ቀልድና የሰፈር ልጅ አነጋገር ያስደሰተዎት ከሆነ፣ ከምስጋናው ትልቁ ድርሻ የዋሽንግተን ነው። በሕይወት ሳለ ያልተመሰገነን ሰው ስናመሰግን ከእርሱም በላይ የተረሳውን አጥፍተን መሆን የለበትም። የቴሌቪዥኑም እንዲሁ ነው፦ በ2003 ለፊልምና ለቴሌቪዥን ጸሐፊዎች የሚሰጠውን የሂዩማኒታስ ሽልማት ያገኘው «ጂሚ» የተባለው ክፍል የማክዱፊና የአለን በርኔት የጋራ ሥራ ነው።

የ9 ዓመት ልጅ እናት፦ ከየት እንጀምር?

ከ«ስታቲክ ሾክ»። 52 ክፍሎች አሉት፤ ከመጀመሪያው ይነሡ። «ጂሚ» ላይ ሲደርሱ ግን ልጅዎን ብቻውን አይተዉት፤ የሚንገላታ ተማሪ ሽጉጥ ይዞ ትምህርት ቤት የሚመጣበት ነው፣ የስታቲክ ጓደኛም እግሩ ላይ በጥይት ይመታል። ልጁ ከተረበሸ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ያነጋግሩ። ማክዱፊ የጻፈው «አይከን» የተባለው ኮሚክ ይቆየው፤ ባርነትና የአሥራዎቹ ዕድሜ እርግዝና አለበት። እርስዎ ግን አሁኑኑ ያንብቡት። በ1839 በአሜሪካ ደቡብ የወደቀ የሌላ ዓለም ፍጡር፣ በባርነት ያለች ሴት አግኝታው የእርሷን ዘር መልክ ይይዛል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ሀብታም ጠበቃ ሆኖ በሰላም ሲኖር፣ ራኬል የተባለች የድሃ ሰፈር ወጣት ኃይልህን ለሌላው አውለው ብላ ትሞግተዋለች። በክርክሩ ሁለቱም ሞኝ አይደሉም። ማክዱፊ የታገለው ለዚህ ነበር፦ በታሪኩ ውስጥ ጥቁር ሰው አንድ ብቻ ሲሆን የዘሩን ሁሉ ሸክም ይሸከማል፤ ብዙ ሲሆኑ ግን መከራከርም መሳሳትም ይችላሉ።

የስታቲክ የ1993 እትም በፕላስቲኩ እንደታሸገ አለኝ፤ ስንት ያወጣል?

የኮሚክ ሱቅ ይጠይቁ። እስከዚያው ከፀሐይና ከእርጥበት ያርቁት፣ አሲድ የሌለው ካርቶን ከጀርባው ያድርጉ፣ ሳያጋድሙ ያቁሙት።

የ16 ዓመት ተማሪ፦ በአማርኛ ኮሚክ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ፊዚክስ ስለምወድ ግን ቤተሰቤ አይሆንም ይላሉ።

ማክዱፊ ራሱ ፊዚክስ ተምሯል፤ ለቤተሰብሽ ንገሪያቸው። አሁን ወደ ሥራው፦ 22 ገጽ ያዢ፤ በገጽ ከ5 እስከ 6 የሥዕል ሣጥን። በአንድ ሣጥን አንድ ድርጊት ብቻ። «ተነሥቶ በሩን ከፍቶ ወጣ» ብለሽ ከጻፍሽ ሰዓሊው ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል፤ የመረጠው ደግሞ አንቺ የፈለግሽው ላይሆን ይችላል። አስደንጋጩን ነገር ገጽ ሲገለጥ በሚመጣው፣ ማለትም በሙሉ ቁጥር ገጽ፣ አናት ላይ አድርጊው፤ በቀኝ ገጽ ካስቀመጥሽው አንባቢው ቀድሞ ያየዋል። በእንግሊዝኛ ለአንድ የንግግር ፊኛ እስከ 25 ቃል ይባላል፤ የአማርኛ ቃል ብዙ ስለሚሸከም ከ15 አትለፊ። ፊደሉን በሚታተምበት መጠን አትመሽ እዪው፤ ጨ ከጬ ካልተለየ ትንሽ ሆኗል ማለት ነው።

አዲስ አበባ የሚኖሩ ደራሲ ለአንድ ስቱዲዮ ገጸ ባሕርያት እየፈጠሩ ነው። ውል ቀርቦላቸዋል፤ «ይፈረም?» ይላሉ።

የሕግ ባለሙያ ሳያየው አይፈረም። ይህን ለወጉ ያህል አልልም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (በእኛ አቆጣጠር) መሠረት፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው። «ሌላ ስምምነት» የሚባለው ደግሞ እጅዎ ላይ ያለው ወረቀት ነው። ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ እነዚህን ይጠይቁ፦ የገጸ ባሕርያቱ ባለቤት ማን ነው? ኮሚኩ ፊልም ወይም አሻንጉሊት ቢሆን ድርሻዬ ስንት ነው? ስሜ የት ቦታ፣ በምን መልክ ይሰፍራል? ስቱዲዮው ቢዘጋ መብቱ ወዴት ይሄዳል? ማይልስቶን ከዲሲ ጋር ሲዋዋል የገጸ ባሕርያቱን ባለቤትነትና በታሪኩ ላይ የመወሰን ሥልጣን በእጁ ያስቀረው ከመጀመሪያው እትም በፊት ነበር። ማክዱፊ የጻፈው «ሃርድዌር» የተባለው ኮሚክ ዋና ገጸ ባሕርይም የፈጠራ ሥራው ለአለቃው ብዙ ገንዘብ ሲያስገባ ድርሻ ጠይቆ የተከለከለ መሐንዲስ ነው፤ የጠየቀው ሁሉም ነገር ከተፈረመ በኋላ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ንድፎችና ጽሑፎች ከነቀናቸው ሰብስበው ወደ ጠበቃው ይዘው ይሂዱ።