የአባባን ቀልድ ሙት ዓመቱ ላይ ባነብ ነውር ነው?

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን ሰነበቱ። የድሬ ልጅ ነኝ፣ አያቴ ካረፈ የፊታችን ወር ዓመት ይሞላዋል። ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር፣ ጡረታ ወጥቶም ፊሽካውን አልጣለም፣ እኛን የልጅ ልጆቹን ጠዋት ጠዋት በሱ ነበር የሚቀሰቅሰን፣ ዳማ ሲጫወት ደሞ ቆርኪ እጅጌው ውስጥ ይደብቅና ሲያዝ "አቦ አይንህን ታከም!" ብሎ ይቆጣል። ቀብሩ ላይ የተነበበው ግን ያው "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው" ምናምን ነው፣ ስለማን እንደሚያወሩ ራሱ ጠፋብኝ። ለሙት ዓመቱ እኔ ልጻፍ ብዬ ከሴት አያቴ ጋር የተገናኙበትን ጨመርኩ። አፍደም ጣቢያ ላይ ያለ ቲኬት ተሳፍራ ይይዛታል፣ ከኪሱ ይከፍልላታል፣ ከዛ ዕድሜ ልኩን "ዕዳዋን አልከፈለችኝም" እያለ ያወራል። አጎቴ ሲሰማ "ሰው ፊት ልታዋርጅን ነው" አለ። በዕድሜውም አልተስማማንም፣ አጎቴ 95 ይላል አክስቴ 88።

መልስ፦ ነፍሱን ይማር የኔ ልጅ። ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ሁለተኛው ለሳቁ ነው።

ያ የቀብር ወረቀት እኮ ፎርም ሆኗል፣ ስሙን ብትቀይሪው ለጎረቤትም ይሆናል። ግን አልፈርድም፣ ድንኳን እየተተከለ ንፍሮ እየተቀቀለ አንዱ ጥግ ይዞ በጥድፊያ የሚጽፈው ነው። አንቺ ጊዜ አለሽ። ነውር ነው ላልሽው፣ ድሮስ አልቃሽ የሟቹን ጠባይ አነጋገሩን አረማመዱን አይደል እንዴ በግጥም የምታወርደው፣ ለቅሶ መሃል ሰው ይስቅ የለ? አጎትሽ ቄሶቹን ፈርቶ ከሆነ ልክ ነው፣ ጸሎቱ ላይ አይነበብም። ተበልቶ ተጠጥቶ ቄሶቹ ካሳረጉ በኋላ ቡናው ሲፈላ አንብቢው።

ዕድሜው ላይ የመሥሪያ ቤት መዝገብን ብዙ አትመኚው፣ ያኔ ሰው ለመቀጠር ዕድሜ ይጨምራል ጡረታ ሲቃረብ ይቀንሳል። የዛ ዘመን ሰው የሚቆጠረው በነገር ነው፣ እናቱ "ጣሊያን ሲገባ አዝዬው ሸሸሁ" ትል ከነበረ 1928 አካባቢ ነው፣ አክስትሽ አሸነፈች ማለት ነው።

ተቆጣጣሪ ነበር ብለሽም በአንድ መስመር እንዳታልፊው። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ነው፣ ከተማዋ ራሷ የሱ ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ 1909 ፈጀ፣ እዛ መስመር ላይ የሠራ ሰው ወሬ አያልቅበትም። የድሮ ባልደረቦቹ ካሉ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ጥላ ስር ፈልጊያቸውና ስልክሽን ሪከርድ ላይ አድርገሽ ጠይቂ፣ ግን "እንዴት ሰው ነበር?" አትበያቸው፣ "ጥሩ ሰው ነበር" ብለው ይዘጉብሻል። "በምን አናዶህ ያውቃል?" በያቸው፣ ከዛ ማስቆሙ ነው የሚቸግርሽ።

ዋናዋን ግን ረሳሻት። አጎትሽ ተናገረ፣ አክስትሽ ተናገረች፣ ሴት አያትሽ የት አለች? ተዋረደች የምትባለው እሷ ከሆነች የምትጠየቀውም እሷ ናት። አንድ ማታ ብቻዋን ስትሆን አንብቢላት። ይሄን ሁሉ ዓመት የሰማችሁት የሱን ወገን ብቻ ነው፣ "ኧረ ቲኬት ነበረኝ!" ካለችሽ እሱንም ከስሩ ጨምሪው።