የሰው ገበና ውስጥ ነው የምትገቡት

ቤት ማሻሻጥና ቤት ለሽያጭ ማሰናዳት ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ሰላም ናችሁ? እኔ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ልደታ ስዞር በድለላ ነው እንጀራዬን የበላሁት። በእኛ ጊዜ ደላላ ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ገዢና ሻጭ ያገናኛል፣ አለቀ። እናንተ ቴሌግራም አላችሁ፣ ቲክቶክ አላችሁ፣ ቤቱን አጽድታችሁ፣ ሶፋ ተከራይታችሁ፣ የፕላስቲክ አበባ ደርድራችሁ ትቀርጻላችሁ። ጎበዞች ናችሁ። የተሰናዳ ቤት የተሻለ ዋጋ ያወጣል፣ በዚህ አልከራከርም። ልጽፍላችሁ የፈለግኩት በዕቃ የታጨቀ ቤት ስታዩ ስለምትሆኑት ነገር ነው።

አያችኋለሁ እኮ። በሩ ሲከፈት አፍንጫ መያዝ። ባለቤቷ እዚያው ቆማ እየሰማች «ይሄማ መጋዘን ነው» ማለት። ሳያስፈቅዱ ስልክ አውጥቶ መቅረጽ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ትሉና «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ለቆራሌው ሰጥተን እንገላገል» ትላላችሁ። ከምኑ ነው የምንገላገለው?

መሃል አዲስ አበባ የቆየ ቤቱን የሚሸጥ ሰው አንዳንዴ ሲሳካለት ነው፤ ልጆቹ ውጭ ወስደውታል ወይም ሰፋ ያለ ቤት ገዝቷል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሆነ ነገር ደርሶበት ነው። ሞት፣ ፍቺ፣ ሕመም፣ ዕዳ፣ ወይ የወራሾች ጭቅጭቅ። ዕቃውም የተቆለለው በዚያው ምክንያት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ቁም ሣጥኑን ከፍታ ኮቱን ማየት ስላልቻለች ክፍሉን ዘግታ ትተወዋለች፤ ከዚያ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ሳሎን ይከመራል። እናንተ የምታዩት ሳሎኑን ነው፣ የተዘጋውን ክፍል አይደለም።

ደግሞ ዕቃው ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሦስት ቡፌ ተደርድሮ ብታዩ መሳቅ ይቀናችኋል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ለአንድ ቤተሰብ የቀረችው አንዲት መኖሪያ ናት። በሌላው ቤት የነበረው አልጋና ቁም ሣጥን ተጠቃሎ ወደዚያች ወደቀረችው ገባ፣ እስከዛሬም አልወጣም። ቅርብ ጊዜም ቢሆን ያው ነው። በ2016 ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ፣ ቀጥሎ በ2017 ካዛንቺስ ሲነሳ፣ ዘመድ ዘመድ ቤት ዕቃውን አስቀመጠ። ኮንዶሚኒየም ለደረሰው ሰው የእናቱ ሞሰብና ያ ለድግስ የሚወጣው ትልቅ ድስት የት ይገባለታል? እህቱ ቤት ይቀመጣል። ስለዚህ «ቆሻሻ» ብላችሁ ልታስወጡት የተነሳችሁት ዕቃ የሻጯ ላይሆን ሁሉ ይችላል።

አንዱን በደንብ ልንገራችሁ። አፍንጮ በር አካባቢ ነው፣ ባለቤትየው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፣ አረፉ። አንዷ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ሬዲዮ። ከፊሉ ሆዱ ተከፍቷል፣ ከፊሉ ያለ ጀርባ ነው፣ ብሎኑ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ በቆርቆሮ ተለይቶ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ሬዲዮ አንገት ላይ በክር የታሰረ ቁራጭ ወረቀት አለ፤ የደንበኛው ስም፣ ሰፈሩ፣ የተበላሸው ነገር፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ «ግማሽ ተከፍሏል» ይላል። ልጅየው ቤቱ ቶሎ እንዲሸጥ ይፈልጋል፣ እናትየው ደግሞ ንቅንቅ አልል አሉ። «የሰው ዕቃ ነው፤ እሱ የሰው ዕቃ ይዞ ሞተ እንዲባል አልፈልግም» አሉ። ልጁ ግራ ገባው፤ ከዚያ በፊት እናቱ ዝም ብለው ዕቃ የሚወዱ ነበር የሚመስለው። እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። ወረቀቶቹን አንብበን የሚገኝ ሰው ፈለግን፣ የዕድሩ ሰዎች አገዙን። አንዳንዱ ባለሬዲዮ ራሱ ሞቷል። የአንዱ ልጅ መጥቶ ያባቱን ሬዲዮ ወሰደ፣ የቀረችውንም ክፍያ ልክፈል አለ፣ እሳቸውም ተቀበሉት። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሉን ራሳቸው ናቸው ያስለቀቁት። የቀረውን የት እንደሚወስዱት ሲነግሩን እኔ ተሸካሚ መጥራት ብቻ ነበር ሥራዬ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የዘመናት የቤት ግብር ደረሰኝ የተገኘው ከአንዱ ሬዲዮ ካርቶን ሥር ነው። ለቆራሌው ሰጥተን ቢሆን ኖሮ ስም ለማዞር ስንት እንመላለስ ነበር!

ይሄ ሁሌም ያጋጥማል። ከጋዜጣ ክምር መሃል ካርታ ይወጣል፣ የጋብቻ ማስረጃ ይወጣል፣ የባንክ ደብተር ይወጣል። ቡና ሙቀጫ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ወርቅ ሲገኝም አይቻለሁ። ባለቤቷ ሳታይ አንዲት ወረቀት ከቤት አትውጣ። ወርቁን ያላያችሁት እናንተ፣ ሰረቃችሁ የምትባሉትም እናንተ ናችሁ።

ስለ አሠራሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀን ምንም አትንኩ። ቡና ከተባላችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠጡ፣ እያሳዩዋችሁ ግቡ፣ ጠይቁ። ሥራውን ከግቢው ጀምሩ፤ ከተሰበረው ወንበር፣ ከዛገው ቆርቆሮ፣ ከተቀደደው ፕላስቲክ። እዚያ ሰው ብዙ አያዝንም። ከዚያ ኮሪደር፣ ከዚያ ማድቤት። መኝታ ቤትና ፎቶ ያለበት ግድግዳ መጨረሻ ላይ ይሁን። የሚሄድ፣ ለሰው የሚሰጥ፣ የሚጣል እያላችሁ ስትለዩ አንድ ካርቶን ደግሞ ገና ላልተወሰነው አስቀምጡ። ይቺ ካርቶን ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች፤ ሰው «ዛሬ ወስኚ» ካልተባለ እጁ ይፈታል። ገዢ የሚፈልገውም እናንተ እንደምታስቡት ብዙ አይደለም። የክፍሉን ስፋት ማየት፣ መስኮቱ ብርሃን ማስገባቱን ማወቅ፣ ሳይደናቀፍ መግባትና መውጣት። መስኮቱን ከጋረደው ነገር አስለቅቁ፣ የተቃጠለውን አምፖል ቀይሩ፣ ጠዋት ፎቶ አንሱ። ቢጫ ጀሪካኖቹን ከሮቶው ጀርባ ደርድሯቸው እንጂ ከግቢ አታውጧቸው፤ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሴትዮዋ ገና እዚያ ነው የምትኖረው። የተከራያችሁት ሶፋ እንዲገባ የአሮጊቷን አልጋ በረንዳ ላይ ያወጣችሁ ቀን ደግሞ ከእኔ ጋር አትሠሩም።

የሟች ልብስ ለብቻው ነው። ልዋጭ አትጥሩ። የአባት ካፖርት በላስቲክ ሳፋ ተለውጦ ሲሄድ ደጅ ላይ ቆማ ያየች ልጅ አውቃለሁ፤ የለወጠው ወንድሟ ነው፣ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ቤተሰቡ በእምነቱና በልማዱ የሚያደርገውን ያድርግ። አርባው ወይ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ለነፍሱ ብለው ለነዳያን ሊሰጡት አስበው ይሆናል። እናንተ ልብሱን አጣጥፋችሁ ንጹሕ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጡና ሻንጣው የት እንዳለ ንገሯቸው፣ በቃ።

አንዳንዱ ቤት ከዚህም ያለፈ ነው። ሰውየው ባዶ ጠርሙስም፣ ፌስታልም፣ የድሮ ጋዜጣም መጣል አይችልም፤ አንዷን ብታነሱበት ይንቀጠቀጣል። ይሄ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ በመዝገቡ አስገብቶታል። ሰውየው ሳይኖር በጭነት መኪና አስጭኖ መድፋት አይፈውሰውም፤ ያስደነግጠዋል፣ ደግሞ መልሶ ይሰበስባል። ለቤተሰቡ ቀስ ብላችሁ ሐኪም ማማከር እንደሚቻል ንገሩ፤ አማኑኤልም እኮ ሆስፒታል ነው፣ ስድብ አይደለም።

አጠራራችሁንም አስተካክሉ። «ፋዘር»፣ «ማዘር» ሰፈር ውስጥ ያምር ይሆናል፣ ሐዘን ቤት ግን አያምርም። ጋሽ በሉ፣ እትዬ በሉ፣ ስማቸውን ጠይቁና በስማቸው ጥሩ። ገዢንም ከመግባቱ በፊት አስጠንቅቁ። መጋረጃ እየገለጠ፣ ድስት እየከፈተ «ሰው እዚህ ይኖራል?» የሚል ገዢ አለ። እንዲህ ዓይነቱን እኔ ደጅ ላይ ነው የማስቀረው፣ ገንዘቡን ይዞ ይሂድ። የታመመ ሰው የተኛበት ክፍል ካለ ደግሞ በፎቶ አይገባም፤ ለእውነተኛ ገዢ፣ በቀጠሮ፣ ታማሚው ሲፈቅድ ብቻ ይታያል።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ሻጭ ለምን እንደሚሸጥ ለደላላው ይናገራል። ያቺን ነገር ይዛችሁ ስትወጡ በእጃችሁ ያለው ከካርታው የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ገዢ ቢያገኘው የሻጩን አንገት ይዞ ያስቀንሳል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ! ባንክ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ሐራጁን ለመቅደም ነው የሚጣደፈው። እናንተ ደግሞ ቴሌግራም ላይ «አስቸኳይ ሽያጭ!! ባለቤቱ ዕዳ ስላለበት» ብላችሁ በሦስት እሳት ትለጥፉታላችሁ። ልጆች፣ ያንን ስትጽፉ ለማን ነው የምትሠሩት? ቤቱን በዕቃ ታጭቆ ስታሳዩትም ያው ነው፤ ገዢው መድኃኒቱን ያያል፣ ክራንቹን ያያል፣ ጥቁር ሪባን የተደረገበትን ፎቶ ያያል፣ ሒሳቡን በሆዱ ይሠራል። እኔ ቤት የማሰናዳው ገዢን ለማማለል ብዬ ብቻ አይደለም። የሻጩ ችግር ድርድሩ ላይ አብሮ እንዳይቀርብ ነው።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ ታዲያ። ገበና መሸፈን ማለት የቤቱን ጉድለት መደበቅ አይደለም። ውሃ ያዘለውን ግድግዳ በቡፌ መጋረድ ማጭበርበር ነው። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ፣ ቤቱ ላይ ዕዳና እገዳ ካለ፣ ካርታው በሟች ስም ከሆነና የወራሽነት ማስረጃ ገና ካልወጣ ገዢው ይወቅ። የቤቱን ነገር ገዢ የማወቅ መብት አለው፤ ሰውየው ለምን እንደሚሸጥ፣ ሚስቱ ለምን እንደሄደች፣ ልጁ ምን እንደያዘው ግን አይመለከተውም። «ለምን ይሸጣሉ?» ሲላችሁ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» በሉና ስለ ቤቱ አውሩ።

ፍቺ ላይ ያሉ ባልና ሚስት ቤት አጭር ነገር ልበል። ግማሹ በካርቶን ታስሯል፣ ግማሹ ተቆልፏል፣ ሁለቱም ለየብቻ ይደውሉላችኋል። የጋራ ቤት የሁለቱም ስምምነት ሳይኖር አይሸጥም፣ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ ከአንዳቸው ጋር ወግናችሁ የሌላውን ዕቃ አታውጡ። ዳኛም ሽማግሌም አይደላችሁም።

ቀብድ ላይም አትቸኩሉ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዛሬ «ሽጡልኝ፣ ይሄን ቤት ማየት አልፈልግም» ብሎ ነገ ያለቅሳል። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ያፈረሰ ሰው እጥፉን ይመልስ ይላል። ከሰልስት በኋላ ለመጣ ገዢ እጇን ይዛችሁ ቀብድ ካስቀበላችኋት፣ ሐሳቧን ስትቀይር እጥፉን ከየት ታመጣለች? ወንድሞቿ፣ ልጆቿ ባሉበት ትወስን። ጊዜ ከፈለገች ስጧት። የድለላዋ 2 በመቶ ትዘገያለች፣ አውቃለሁ፣ የእናንተም ኪራይ አለ። ሌላ ቤት እያሻሻጣችሁ ጠብቁ። አልሸጥም ካለችም አልሸጥም ብላለች፤ በየቀኑ እየደወሉ መነዝነዝ የለም።

ሽያጩ አልቆ ውልና ማስረጃ ከተፈራረሙ በኋላ የምትረሱት ነገር አለ። የቤቱን ፎቶና ቪዲዮ ከቻናላችሁ አውርዱ፣ ሳይሰናዳ በፊት ያነሳችሁትን ደግሞ ከስልካችሁ ጭምር አጥፉት። «በፊትና በኋላ» እያላችሁ የሰውን ሳሎን ለማስታወቂያ የምትለጥፉትን አይቻለሁ፤ ሴትየዋን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያየዋል። ሥራችሁን ማሳየት ከፈለጋችሁ የኋለኛውን ብቻ ለጥፉ፣ እሱንም አስፈቅዳችሁ።