በውሰት እንባ አትሽጡ

ውድ ወጣቶች፣

የምትሠሯቸውን የማስታወቂያ ቪዲዮዎች እከታተላለሁ። ቀረጻችሁም ኤዲታችሁም እኛ በእናንተ ዕድሜ ከሠራነው እጅግ የተሻለ ነው። ይህን የምለው ላሞካሻችሁ ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። የሚያሳስበኝ ታሪኩ ነው። ፒያኖ ይጀምራል። አንዲት እናት ፎቶ ይዛ ትተክዛለች። ልጇ ከሩቅ ይመጣል፣ ይተቃቀፋሉ፣ እንባ ይወርዳል። ከዚያ ሎጎ ብቅ ይላል። የባንኩን ሎጎ አንሥተን የሳሙና ብናደርግበት ከታሪኩ የሚጎድል ነገር የለም።

ስሜትን ተዉት ማለቴ አይደለም። የማስታወቂያ ውጤታማነት ተመራማሪዎቹ ሌስ ቢኔት እና ፒተር ፊልድ በመቶዎች የሚቆጠሩ የማስታወቂያ ዘመቻዎችን ውጤት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። ስሜት የሚነኩ ዘመቻዎች ውለው አድረው የሚያመጡት ትርፍ በመረጃ ብቻ ለማሳመን ከሚሞክሩት እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ስለዚህ መንገዱ ትክክል ነው። ጥያቄው ስሜቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ከምርቱና ከሰውየው ግንኙነት ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የተዋስነው?

እ.ኤ.አ. በ2010 ጎግል በሱፐር ቦውል (በአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ) ላይ ያሳየውን ማስታወቂያ ፈልጋችሁ እዩት። አንድም የሰው ፊት የለበትም። የሚታየው የፍለጋ ገጹ ብቻ ነው። አንድ ሰው ፓሪስ ሄዶ ስለመማር ይፈልጋል። ቀጥሎ የፈረንሳይኛ ሐረግ ያስተረጉማል። ከዚያ ተራርቆ ስለሚኖር ፍቅር ምክር ይጠይቃል፤ ፓሪስ ውስጥ ሥራ ያፈላልጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ያፈላልጋል። መጨረሻ ላይ የሕፃን አልጋ እንዴት እንደሚገጣጠም ይጽፋል። አለቀ። አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ፍለጋውን ብታወጡት ፍቅሩም አብሮ ይጠፋል። በፍለጋዎቹ መካከል የሆነውን ሁሉ የሚሞላው ተመልካቹ ራሱ ነው፤ ልቡ የሚነካውም ለዚህ ነው።

ተቃራኒውንም እዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ማክዶናልድስ በብሪታንያ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። አንድ ልጅ በሞት ስለተለየው አባቱ እናቱን ይጠይቃል። በምንም እንደማይመስለው ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። ኋላ ምግብ ቤቱ ገብተው የዓሣ ሳንድዊች ሲበላ እናቱ አባትህም የሚወደው ይህንኑ ነበር ትለዋለች። ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች የሚረዱ ሰዎች ተቆጡ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ማስታወቂያውን አነሳ። ቀረጻው መጥፎ ስለነበር አይመስለኝም። የአንድ ልጅ ሐዘን ለሳንድዊች ማሻሻጫ ስለዋለ ነው። ሳንድዊች ያን ያህል ሐዘን የመሸከም አቅም የለውም።

ታዲያ እውነተኛው ታሪክ የት ይገኛል? ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት ምርቱን የሚጠቀሙ ሰዎችን አነጋግሩ። «ምርቱን እንዴት አገኙት?» ካላችሁ «ጥሩ ነው» ይሏችኋል፤ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። «ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠቀሙበት ምን እያደረጉ ነበር? ማን አብሮዎት ነበር? ባይኖር ምን ያደርጉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የመስሚያ መሣሪያ የገዛ ሰው «ሕይወቴ ተለወጠ» ቢላችሁ ዝም ብላችሁ አድምጡ። «የልጅ ልጄ በጆሮዬ ሚስጥር ነገረችኝ» ሲላችሁ ግን ቪዲዮው ተገኘ።

አንድ ሰው ይበቃችኋል። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይን እና ፖል ስሎቪች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ሰዎች የአንዲት ልጅን ታሪክ ሲሰሙ ስለሚሊዮኖች የሚናገር አኃዝ ከቀረበላቸው ይልቅ ብዙ ለግሰዋል። ታሪኩ ላይ አኃዙ ሲታከልበት ደግሞ ልገሳው ቀነሰ። ደንበኛችሁ መሃል ላይ «ስንት ቅርንጫፍ እንዳለንም ይነገር» ሲላችሁ ይህን አስታውሱት።

ሙዚቃን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ቪዲዮውን መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ ኤዲት አድርጉት። ያለ ሙዚቃ ካልነካችሁ ታሪኩ ገና አልበሰለም።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ግን ስለ ባለታሪኩ ነው። እውነተኛ ሰው ስትቀርጹ፣ በተለይ ታሞ ወይም ተቸግሮ የሚያውቅ ሰው ሲሆን፣ ማስፈረም ብቻ አይበቃም። ቪዲዮው የት የት እንደሚታይና ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ በሚገባው ቋንቋ አስረዱት። እያወራ እንባ ከያዘው ካሜራውን አታቅርቡበት። ውኃ ስጡት፣ ጊዜ ስጡት፣ መቀጠል ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። ኤዲቱ ሲያልቅ ከደንበኛችሁ በፊት እሱ ይየው። «ይህቺ ትውጣልኝ» ካለ ይውጣለት፤ ምርጧ ትዕይንት ብትሆን እንኳ። ገንዘቡ ለእናንተ፣ ዝናው ለድርጅቱ ነው። ነገ ጎረቤቱ ፊት የሚቆመው ግን እሱ ነው። ልጆች ሲሆኑ ደግሞ እጥፍ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ወላጅ ቢፈቅድም አድገው ሲያዩት ምን እንደሚሰማቸው አስቡ።

ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት ለድርጅቱ አንድ ጥያቄ አቅርቡ። በቪዲዮው ላይ ያለችው ሴት ነገ በራችሁ ብትገባ በዚያው ርኅራኄ ትስተናገዳለች? መልሳቸው ከተድበሰበሰ የስሜቱን ስክሪፕት ተዉት። ዕቃው ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚሠራ በ30 ሰከንድ የሚያሳይ ግልጽ ቪዲዮ ሥሩላቸው። እሱም የተከበረ ሥራ ነው።