መልስ፦ ዩኪፕ መሪዎቹን ያለማቋረጥ የቀያየረው ለምንድን ነው?

አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት እንድትወጣ ይታገል የነበረው የብሪታንያው ፓርቲ ዩኪፕ፣ ስለዚሁ ጉዳይ በ2016 ከተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ መሪ የቀያየረው ብቁ ሰው አጥቶ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት የሰው እጥረቱ መነሻ ሳይሆን ውጤት ነው። ፓርቲው እ.ኤ.አ. በ2015 ምርጫ 12.6 በመቶ ድምፅ ቢያገኝም፣ የአገሪቱ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣውን ብቻ ስለሚያስገባ፣ አንድ ወንበር ብቻ ደረሰው፤ በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣት ዓላማው ሲሳካ ደግሞ አባላቱን ያስተሳሰረው ጉዳይ አብሮ አበቃ። ናይጄል ፋራጅን የተኩት ዳያን ጄምስ በ18 ቀናት ለቀቁ፤ ቀጥለው የመጡት ፖል ነታልም በ2017 ምርጫ ድምፁ ወደ 1.8 በመቶ ሲያሽቆለቁል በማግስቱ ተሰናበቱ።

ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን የሄንሪ ቦልተን ምርጫ ነው። ሰባት ዕጩዎች ተወዳድረው፣ ሁለተኛ ዙር ሳይኖር 30 በመቶ ገደማ ድምፅ ያገኙት ቦልተን መሪ ሆኑ፤ ማለትም ድምፅ ከሰጡት አባላት አብዛኞቹ ሌላ ሰው ፈልገው ነበር። በግል ሕይወታቸው ዙሪያ ውዝግብ ሲነሣ የሚቆምላቸው ሰፊ ወገን አልነበራቸውም፤ አምስት ወር ሳይሞላቸው አስቸኳይ ጉባኤ 867 ለ500 በሆነ ድምፅ አነሣቸው። ተተኪያቸው ጄራርድ ባተን ያለ ተፎካካሪ ተመረጡ (ለመሆኑ ያን ጊዜ ወንበሩን ማን ይመኘው ነበር?)። ፋራጅ በ2018 መጨረሻ ፓርቲውን ለቀው በአዲሱ የብሬግዚት (ከኅብረቱ የመውጣት) ፓርቲ መሪነት ሲመጡ፣ ዩኪፕ በ2019 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ አንድም ወንበር አላገኘም።